የአራተኛው ቃታ ቁጥር

ባለፈው ሳምንት አየር ጤና አንድ ጋራዥ ገብቼ በሰው ፊት ጮህኩ። መካኒኩ ልጅ ከመኪናዬ የፈታቸውን ብረቶች ሰብስቦ አንድ ሳፋ ላምባ ውስጥ ዘፍቋቸው በእጁ ያተራምሳቸዋል።

"ኧረ አንድ ላይ አትዝፈቃቸው! የቱ የየት እንደሆነ በምን ልትለይ ነው?"

ቀና ብሎ አየኝ። "እማማ፣ ምን አስጨነቀዎት? ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው እኮ።"

እማማ ማለቱን ይቅር ብዬዋለሁ። "አንድ ዓይነት ናቸው" ያለውን ግን ልተወው አልቻልኩም። የላምባው ሽታ ተጨምሮበት ሳፋውን ከፊቱ ሳብኩት። በዚህ ዕድሜዬ፣ ልጅ ድሬ የልጅ ልጅ በምጠብቅበት ዕድሜ፣ ተመልሼ የአሥር ዓመት ልጅ ሆንኩ። እኔም አንድ ክረምት "አንድ ዓይነት ናቸው" ብዬ ነበርና።

ቤታችን ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ነበር። ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። አባቴን ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት "ለጥያቄ ትፈለጋለህ፣ አሁን ትመለሳለህ" ብለው ወስደውት አልተመለሰም። ከወሰዱት ሰዎች መካከል የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበረበት። ጃንጥላውን በራችን ላይ ረስቶ ሄዶ በማግስቱ ልጅ ልኮ አስወሰደው። ከዚያ ወዲያ እማዬ በር ላይ ጃንጥላ ማስቀመጥ ከለከለችን። ዝናብ ሲዘንብ እንኳ ውስጥ ይዘነው ገብተን ወለሉን እናረጥበው ነበር፤ ማንም ግን ለምን ብሎ አይጠይቅም።

አባባ የእማዬ አባት ናቸው። በወጣትነታቸው ለፈረንጅ አዳኞች ጠመንጃ ተሸካሚ ሆነው አዋሽ በረሃና ኦሞ ድረስ ዞረዋል። ግራ ዓይናቸው የለም። ሰፈሩ ሁሉ "ነብር ነው የጫራቸው" ይል ነበር፤ እኔም ለጓደኞቼ ስተርክ ነብሩን በየጊዜው አሳድገው ነበር። በመጨረሻ አንበሳ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አባባ ሲሰሙኝ "ውሸታም!" ብለው ይስቃሉ እንጂ እውነቱን አይነግሩኝም።

ቀበሌው ከየቤቱ መሣሪያ ሲሰበስብ ካገኛቸው ውስጥ አራት የአደን ጠመንጃዎች ነበሩ። አንድ ሀብታም በአንድ ጊዜ ያስመጣቸው መሆን አለበት፣ አራቱም አንድ ፋብሪካ የወለዳቸው ናቸው። ለአብዮት ጠባቂዎቹ ታደሉ። ክረምቱ ሲገባ ዝገት ጀመራቸውና ሊቀመንበሩ ቤታችን ድረስ መጣ። "ጓድ ደምሴ፣ እርስዎ ጠመንጃ ያውቃሉ አሉ" አለ። ይኼ ጥያቄ አልነበረም። አባባም "አውቃለሁ" አሉ፤ ሌላ ምን ይበሉ?

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ጠዋት ጌታሁን አራቱን ጠመንጃ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ያመጣ ነበር። ጌታሁን የጎረቤታችን የእትዬ ወርቄ ልጅ ነው፣ ገና ጢም ያላወጣ፣ ዓይኑ ፊቱን ሁሉ የሚሞላ ልጅ። አብዮት ጠባቂ ሳይሆን በፊት ማስቲካ ይገዛልኝ ነበር። ጥይቶቹ ቀበሌ ይቀራሉ፤ እሱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ይጠብቃል። አባባና እኔ ጓዳ ገብተን እንሠራለን።

አባባ ገና ጠመንጃ ሲነኩ ድምፃቸው ይለወጣል። "ጥይት የለውም ያለሽን ሰው አትመኚ። እናትሽም ብትሆን!" ይሉኛል። አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገው፣ የቃታውን እጀታ ወደ ላይ አንስተው ወደ ኋላ ይስቡታል። ከዚያ ጥይት የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ትንሿን ጣታቸውን ሰደው ይዳስሳሉ። እኔም ጣቴን እንድሰድ ያደርጉኛል። ብረቱ ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን ውስጥ የሆነ ነገር ጣቴን ይነክሰዋል ብዬ ሁልጊዜ እፈራ ነበር።

ቃታ የምንለው ጥይቷን ወደ ውስጥ ገፍቶ ከኋላዋ የሚቆልፈው ዘንግ ነው። አባባ እሱን መዝዘው በላምባ ያጥቡታል፣ ያደርቁታል፣ በልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጫፉን ብቻ ዳበስ ያደርጉታል። "ዘይት ሲበዛ ቆሻሻ ይሰበስባል፤ ወሬም እንደዚያው ነው" ይላሉ። አፈሙዙን ሁልጊዜ ከኋላ ወደ ፊት ይወለውላሉ። አንዱ ጠባቂ "የእኔ ጥይት ወደ ግራ ነው የሚሄደው" ብሎ ሲያማርር፣ የፊተኛውን ማነጣጠሪያ በትንሽ መዶሻ ቸብ ቸብ አድርገው ወደ ግራ ገፉት።

"አባባ፣ ወደ ግራ የሚሄደውን ወደ ቀኝ ነው እንጂ!" አልኳቸው።

"የፊተኛው ማነጣጠሪያ የሚገፋው ጥፋቱ ወዳለበት ነው። ከጥፋት አይሸሽም፣ ይኬድበታል" አሉኝ። አልገባኝም፤ ግን ደስ አለኝ።

ቀኝ ዓይናቸውንም ሞራ እየሸፈነው እንደነበር ከቤት ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። እማዬ ጆሮዬን ይዛ አስጠንቅቃኛለች። "አያትሽ አያዩም የሚል ቃል ካፍሽ ቢወጣ፣ 'ታዲያ እስካሁን በምን እያየህ ሠራህ?' ብለው ይወስዷቸዋል።" አባባ ሁሉን በእጃቸው ያውቁታል። አንድ የማይችሉት ነገር ቁጥር ማንበብ ነው። ጠመንጃው አካል ላይ ትንንሽ ቁጥር ተቀርጿል፤ ቃታውም ላይ እንዲሁ። ጠመንጃውን ያቀርቡልኝና "አንብቢ" ይላሉ። አነባለሁ። ቃታውን ያቀርቡልኛል። አነባለሁ። "እሰይ!" ይላሉ።

እኔ ደግሞ ምን እንደመሰለኝ ልንገራችሁ። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ቁጥር እንዳልረሳ የሚያስጠኑኝ መሰለኝ! በየሳምንቱ ያንኑ ቁጥር ሲያስነብቡኝ፣ "ሽማግሌ ናቸው፣ ይረሳሉ" እያልኩ በሆዴ አዝንላቸው ነበር። እሰይ የሚሉትም ለንባቤ ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ቅዳሜ የአዋሽ ንዳዳቸው ተነሣባቸው። ሁለት ብርድ ልብስ ደርበው ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። እማዬ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ሄዳለች፤ መቅረት አይቻልም። ጌታሁን ጠመንጃዎቹን ጓዳ አስገብቶ "ሊቀመንበሩ ለከሰዓት ይፈልጓቸዋል" ብሎ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። አባባን ቀሰቀስኳቸው። "አንድ በአንድ..." አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "አንዱን ሳትጨርሺ ሌላውን እንዳትነኪ። ቁጥሩን አንብቢ።" ተመልሰው አሸለቡ።

ማንበቡን ለማን ነው የማነበው? አድማጩ ተኝቷል። አራቱንም ቃታ መዘዝኩና እንደ ስኒ ሳፋው ውስጥ ዘፈቅኳቸው። የቤት ሥራ የለመደች ልጅ አንድ በአንድ አታጥብም፤ ትዘፈዝፋለች፣ ታሻለች፣ ትደረድራለች። አጠብኳቸው፣ ወለወልኳቸው፣ ዘይት ቀባኋቸው፣ የቀረበኝን እያነሣሁ መለስኳቸው። አራቱም ቀጭ ብለው ገቡ። ሥራውን በግማሽ ሰዓት ጨረስኩ። ጌታሁንም "አባባ ዛሬ እንዴት ፈጠኑ!" ብሎ ጠቅልሎ ሄደ፤ እኔም በኩራት ላብድ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አባባ ለቀቅ አድርጓቸው አጥሚት እየጠጡ፣ "ቁጥሩን አነበብሽ አይደል?" አሉኝ።

"አዎ" አልኩ። ቀላል ውሸት ነበር የመሰለኝ።

"ጎበዝ። አሁን አድገሻል፤ ለምን እንደሚነበብ ልንገርሽ።" የጠፋውን ግራ ዓይናቸውን በጣታቸው ነኩት። "ይኼን ነብር አልነካውም። በረሃ ሳለን አንዱ ጓደኛዬ ሁለት ጠመንጃ አንድ ላይ ፈትቶ አጠበ። መልካቸው አንድ ነው፤ ቃታቸውን አለዋወጠው። ያንዱ ቃታ ለሌላው ልክ የገባ ይመስላል፣ ግን የጥፍር ያህል ሳይዘጋ ይቀራል። ስተኩስ የጥይቷ ቀለህ ተተረተረና እሳቱ ወደ ኋላ መጣ። ያን ጊዜ ሁለቱንም ዓይኔን ይዤ ነው የጮህኩት። እግዜር አንዱን ተወልኝ።"

የዋሸሁትን መናገር ሲገባኝ አጥሚት ጨመርኩላቸው። አባባ አጥሚቱን ፉት እያሉ ስለ አዋሽ ትኩሳት ማውራት ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንዴት እንዳለፉ እኔ ነኝ የማውቀው። ሬዲዮው በየቀኑ ስለ አሻጥረኞች ያወራ ነበር። አሻጥረኛ ምን ዓይነት ፊት እንዳለው አላውቅም ነበርና በመንገድ የማየውን ሰው ሁሉ እመረምር ነበር። አሁን መስታወት ፊት ቆሜ አየሁት፤ ጉንጩ ላይ የእንጀራ ፍርፋሪ ነበረበት። ጠመንጃው ከፈነዳ አባባን "አሻጥረኛ" ብለው እንደሚወስዷቸው ገባኝ። ከተናገርኩም አባባ ቀበሌ ሄደው ይናገራሉ፣ ያኔም ይወስዷቸዋል። ምግብ አልበላ አለኝ። እማዬ ኮሶ ነው ብላ ዓይኔን ገልጣ አየች። ጌታሁን በመንገድ ባለፈ ቁጥር እነዚያን ትልልቅ ዓይኖቹን አያለሁ፤ ሁለት ናቸው ብዬ ቆጥሬ እገባለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ጌታሁን ጠመንጃውን አንግቶ በአጥራችን በኩል አለፈ። "አስኒ! ዛሬ ወንዙ ዳር ተኩስ ልንለማመድ ነው። አባባን አመስግኚልኝ፣ ጠመንጃዬ ቅቤ ሆናለች!"

ወደ ቤት ሮጬ አባባ እግር ሥር ወደቅኩ። "አባባ፣ አላነበብኩም። አራቱንም ሳፋው ውስጥ አንድ ላይ ዘፈዘፍኳቸው። አንድ ዓይነት ስለሆኑ... ዛሬ ሊተኩሱ ነው።"

ይመቱኛል ብዬ አንገቴን ቀበርኩ። "በስመ አብ" አሉ ቀስ ብለው። "ካፖርቴን አምጪ።"

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። እጇን በሁለቱ መቃኖች ላይ ዘረጋች። "አባዬ፣ አይሄዱም። የዚችም አባት 'አሁን ትመለሳለህ' ተብሎ ነው የወጣው።"

"የወርቄስ ልጅ?" አሉ አባባ። "ዓይኑ እስኪፈስ እዚህ ተቀምጬ ተኩሱን ላዳምጥ?"

እማዬ እጇን አወረደች። ጃንጥላ ልትሰጠን ዞር ብላ ተወችው። አባባ ትከሻዬን ይዘው ወጣን። ሰው ሲያየን ሽማግሌው የልጅ ልጁን ደግፎ የሚሄድ ይመስለዋል፤ የምመራቸው ግን እኔ ነበርኩ። ጭቃው ያንሸራትታል። "አሁን ማልቀስ የለም። ጥፋቱ ወዳለበት ነው የምንሄደው" አሉኝ። ጣታቸው ትከሻዬ ላይ ጠበቅ ሲል ተሰማኝ።

ቀበሌው ከአንድ ሀብታም በተወረሰ ቪላ ውስጥ ነበር። ከጀርባው ወንዙ የቆረጠው ከፍ ያለ የአፈር ግድግዳ አለ፤ የሚተኩሱት ወደሱ ነው። ስንደርስ ጠባቂዎቹ ጆንያ ላይ ተኝተው ጥይት እየታደለ ነው። አባባ እንደዚያ ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። "ልጆች፣ አታቀባብሉ! ጠመንጃውን መሬት!"

ሊቀመንበሩ ጥይቱን እንደያዘ ዞረ። "ጓድ ደምሴ፣ ምን ሆነዋል?"

"ቅዳሜ ንዳድ ላይ ነበርኩ። ቃታዎቹ ሳይለዋወጡ አልቀሩም። ያንዱ ለሌላው ሲገባ እሳቱ በተኳሹ ፊት ነው የሚመጣው። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ጠባቂዎቹ ከጆንያው ላይ ተነሡ። ጌታሁን ጠመንጃውን ልክ እባብ እንደያዘ ሰው አራቀው።

"አንተ" አለ ሊቀመንበሩ። እስከዚያ ቀን ድረስ እርስዎ ነበር የሚላቸው። "የአብዮት ጠባቂዎችን ዓይን ልታጠፋ ነበር ማለት ነዋ!"

"ላጠፋ ብፈልግ ቤቴ ቁጭ እል ነበር።"

ሊቀመንበሩ አባባን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። በራችን ላይ ጃንጥላውን ሲረሳ ያየሁት ያው ፊት ነው። ሽንቴ መጣ። "አስተካክለው" አለ። "እዚሁ፣ እፊቴ።"

አባባ ጆንያው ላይ ተንበርክከው አራቱንም ቃታ መዝዘው ደረደሩ። አሁን ማን ሊያነብ ነው? ሊያነቡ ቢሉ አያዩም፣ ባያነቡ ሊቀመንበሩ ይነቃል። አባባ ግን ፈገግ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "ነይ አስናቀች፣ አንብቢ። ክረምቱን ሙሉ ቁጥር እያስጠናኋት ነው፤ ትምህርት ቤታቸው አላወቀበትም!" ጠባቂዎቹ ሳቁ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም።

የመጀመሪያውን ጠመንጃ አነበብኩ። ከአራቱ ውስጥ የራሱን ቃታ ፈልጌ አነበብኩ። "እሰይ" አሉና ከተቱት። ሁለተኛውንም። "እሰይ።" ሦስተኛውንም። "እሰይ።" አራተኛው ጠመንጃ ላይ ሦስት መቶ ዘጠና አንድ ይላል። አንድ ቃታ ብቻ ነው የቀረው። አነሣሁት። እንባና ዝናብ ዓይኔን ሞልተውት ብረቱ ላይ ውኃ እንጂ ቁጥር አይታየኝም። የሊቀመንበሩ ቦት ጫማ ጉልበቴ አጠገብ ነው። "ሦስት መቶ ዘጠና አንድ" አልኩ።

አባባ ቃታውን ከእጄ ወስደው ከተቱት። እሰይ አላሉም።

"ደህና ከሆነች አንተው ተኩሳት" አለ ሊቀመንበሩ። አንዲት ጥይት ዘረጋላቸው። በእግሩ የነካት ያችኑ አራተኛዋን ነበር።

ከሦስቱ አንዱን ተሳስቼ አንብቤ ከሆነ፣ የአራተኛዋም ስህተት ነው። ይህን አውቄ ቆሜያለሁ፤ መናገር ደግሞ አልቻልኩም። አባባ አልተጣደፉም። ዝናብ የገባበት አፈሙዝ ሳይደርቅ አይተኮስም ብለው ደረቅ ጨርቅ ከኋላ ወደ ፊት አሳለፉ። ትንሿን ጣታቸውን ሰደው ዳሰሱ። "ማንም ከኋላዬ አይቁም፣ ሁላችሁም ወደ ጎን" አሉ። ለኔ ደግሞ፣ "አንቺ ዛፉ ሥር ሂጂ፣ ፊትሽን አዙሪ።" ጥይቷን ከተቱ፣ ቃታውን ገፍተው ቆለፉ፣ ሰደፉን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው ጉንጫቸውን አሳረፉ። ያቺ አንዲት ዓይናቸው ከቃታው አንድ ስንዝር አትርቅም። ሊጨፍኗት ይችሉ ነበር። ሊቀመንበሩ ስለሚያይ አልጨፈኗትም።

ፊቴን አላዞርኩም። ስለሳቸው ጸለይኩ፤ ቃሉን አላስታውሰውም። ምላጩን ሳቡ።

ጩኸቱ ወንዙን ወርዶ ተመለሰ። ቁራዎቹ ተነሡ። የአፈሩ ግድግዳ ላይ ጭቃ ፈነጠቀ። አባባ ቆመዋል። ቃታውን ከፈቱ፣ ቀለሁ ጆንያው ላይ ወደቀ፤ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዳብሰው አገኙት። በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱትና ለሊቀመንበሩ ዘረጉለት። "አልተሰነጠቀም" አሉ።

ሊቀመንበሩ አገላብጦ አየውና ኪሱ ከተተው። "ልምምዱ ይቀጥል" አለ። ከዚያ ሌላ ሰው የሆነ ይመስል፣ "ጓድ ደምሴ፣ ቅዳሜ እንልክልዎታለን።"

ወደ ቤታችን የሚያስገባው መታጠፊያ ላይ እስክንደርስ አንድም ቃል አልተናገርንም። ከኋላችን ተኩሱ ይሰማል፤ በየተኩሱ ቆም ብለን ጩኸት እንሰማ እንደሆነ እናዳምጣለን። ጩኸት የለም። አጥሩ ጋ ስንደርስ አባባ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። እጃቸውን አየሁት። ጠመንጃ ላይ አንድም ቀን ሲንቀጠቀጥ ያላየሁት እጅ እንደ ንዳዱ ቀን ይንቀጠቀጣል።

"አራተኛውን አላነበብሽውም" አሉኝ።

ውሸት አልወጣልኝም። "አልታየኝም ነበር።"

"አውቄያለሁ። ስታነቢ መጀመሪያ በአፍንጫሽ ትንሽ ትተነፍሺያለሽ። ያኔ አልተነፈስሽም።"

"ታዲያ ለምን ተኮሱ?" እያለቀስኩ ነበር። "ለምን ድገሚው አላሉኝም?"

"ድገሚው ብልሽ ሊቀመንበሩ አንቺን ያይሽ ነበር" አሉ። "ደግሞ ሦስቱ ቤታቸው ከገቡ አራተኛው የት ይሄዳል?"

"ሦስቱንስ ተሳስቼ ከሆነ?"

አባባ አጥሩን በእጃቸው እየዳበሱ በሩን ፈለጉ። እማዬ ድምፃችንን ሰምታ ባዶ እግሯን ወጥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

ቅዳሜ ጌታሁን አራቱን ጠመንጃ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መጣ። ሁለቱም ዓይኖቹ አሉ። አባባ የመጀመሪያውን ጠመንጃ ቃታ መዝዘው ሌሎቹን ወደ ጥግ ገፉና ወደኔ ዘረጉት። በአፍንጫዬ ተነፈስኩ። አነበብኩት። እሰይ ከማለታቸው በፊት ደግሜ አነበብኩት።